ዚንኩ እንደ አዲስ ሆኖ ብረቱ ለምን ተበላ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንድ የጎንደር ልጅ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ የምትሠራ ጀልባ አለችው። በላሜራ የተበየደች፣ አሥር ሜትር ገደማ፣ የናፍጣ ሞተር፣ ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄድ የስቴንለስ ዘንግ፣ የነሐስ ፕሮፔለር። ከውሃ አውጥቶ ሲያያት ከፕሮፔለሩ አጠገብ ያለው ላሜራ ተቦርቡሯል። የመሪው ክንፍ የታሰረባቸው ቡሎኖች ደግሞ ግማሽ ውፍረታቸው የለም። ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ያሰራቸው ሁለት ዚንኮች ግን፣ አንዱ ዘንጉ ላይ አንዱ ከቀለሙ በላይ ላሜራው ላይ፣ ነጭ ነገር ከመልበሳቸው በቀር እንደ አዲስ ናቸው። «ዚንኩ ካልተነካ ብረቱን ምን በላው? ፕሮፔለሩን ልቀይር ወይስ ሁሉንም በአንቲረስት ልቀባው?» ይላል።

ወንድም ዓለም፣ ዚንክህ ያልተበላው ጀልባህ ደህና ስለሆነች አይደለም። ዚንኩ ሥራውን ስላልሠራ ነው። እንዲህ ያለ ቁራጭ፣ እኛ አኖድ የምንለው፣ የሚታሰረው ሌላው ብረት እንዳይበላ እሱ እንዲበላ ነው። ከዓመት በኋላ እንደ አዲስ ካገኘኸው በእሱ ፈንታ የተበላ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ያንተም ላሜራና ቡሎን እሱን ነው የሚነግሩህ። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ያነበዋል፤ «ዚንኩ አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ጀልባውን መልሶ ውሃ ይከታል።

ፕሮፔለሩን አትቀይር። አንቲረስቱንም ለጊዜው አቆየው። መጀመሪያ ምን እየሆነ እንደሆነ እንይ።

ሁለት የተለያዩ ብረቶች ውሃ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ ከተነካኩ ባትሪ ሆኑ ማለት ነው። ከሁለቱ ደከም ያለው ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይሟሟል፣ ጠንከር ያለው ይተርፋል። ደካማና ጠንካራ የምለው በጥንካሬያቸው አይደለም፣ በኬሚካል ጠባያቸው ነው። ከደካማው ጀምረህ ስትደረድራቸው ማግኒዥየም፣ ዚንክ፣ አልሙኒየም፣ ተራ ብረት፣ ከዚያ ናስና ነሐስ፣ መጨረሻ ላይ ስቴንለስ ይመጣል። ባንተ ጀልባ ላይ ነሐሱና ስቴንለሱ አንድ ወገን ናቸው። ላሜራው ብቻውን በሌላ ወገን ቆሟል። በዘንጉና በሞተሩ በኩል ደግሞ ሁሉም ተገናኝተዋል። ስለዚህ የሚከፍለው ላሜራው ነው። ጣና ጨው የሌለው ውሃ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ሩቅ አይሄድበትም፤ የባሕር ውሃ ከእንዲህ ያለ ውሃ በመቶዎች እጥፍ ይበልጥ ያስተላልፋል። ጉዳቱ ከፕሮፔለሩ ጎን ተሰብስቦ የተገኘውና የጀልባዋ አፍንጫ ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። በ1761 አላርም የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሆዷን በሙሉ በመዳብ ቆርቆሮ ሸፍነው ወደ ካሪቢያን ላኳት፣ እንጨቱን ትል እንዳይበላው ብለው። ተመልሳ በ1763 ሲመረምሯት መዳቡ ደህና ነው፣ መዳቡን የነካው የብረት ሚስማር ግን በስብሷል። አንዳንዱ ሚስማር ግን ምንም አልሆነም። ለምን ቢባል፣ መዳቡ ሲመጣ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት በሚስማሩና በመዳቡ መካከል ሳይቀደድ ቀርቶ ነው። ወረቀት ብቻ! ሁለቱ ብረቶች ስላልተነካኩ ባትሪው አልተሠራም። በ1824 ደግሞ ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ኬሚስት ነገሩን ገልብጦ፣ መዳቡ ላይ ሆን ብሎ ብረትና ዚንክ እያሰረ መዳቡ እንዳይሟሟ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ጀልባ ላይ የምናስረው አኖድ ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዚንክህ። ዚንክ የባሕር ነው። ጨው ባለበት ውሃ ላዩ ሁልጊዜ እየተላጠ ትኩስ ሆኖ ይቆያል፣ እየተበላ ይሠራል። ጨው በሌለው ውሃ ግን ያ ያየኸው ነጭ ልባስ ይሠራበታል። ልባሱ ጠንካራ ነው፣ በጥፍር አይነሳም። ዚንኩ በዚያ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ እንደ ተራ ድንጋይ ቁጠረው። ስለዚህ ጣና ላይ የሚታሰረው ማግኒዥየም ነው። ማግኒዥየም ከብረት ጋር ያለው የቮልት ልዩነት ከዚንክ በጣም ይበልጣል፣ ውሃው ኤሌክትሪክ በደንብ ባያስተላልፍም ገፍቶ ይሄዳል። በተቃራኒው ማግኒዥየም ባሕር ላይ ብትወስደው በጥቂት ጊዜ ያልቃል፤ እዚያ ዚንክ ወይም ለአኖድ ተብሎ የተቀላቀለ አልሙኒየም ነው የሚያዋጣው። የአዲስ አበባው ነጋዴ የሸጠልህ ዕቃ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ቦታው አይደለም እንጂ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ስላየሁት። አልሙኒየም ነው ብለው የአሮጌ ድስት ቁራጭ ወይም የሞተር ክዳን ቆርጠው የሚያስሩ አሉ። አይሠራም። ተራ አልሙኒየም ውሃ ሲነካው ራሱን በቀጭን ልባስ ይዘጋል። ለአኖድ የሚሆነው አልሙኒየም ዚንክና ትንሽ ኢንዲየም ተጨምሮበት ያ ልባስ እንዳይሠራ የተደረገ ነው።

ማግኒዥየም ከየት ይገኛል? የጀልባ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ጎንደር ውስጥ አትፈልግ። የቧንቧና የቦይለር ዕቃ መሸጫ ሂድ። የመታጠቢያ ቤት ቦይለር ውስጥ ጋኑ እንዳይዝግ የምትገባ ዘንግ አለች፣ መለዋወጫዋ ለብቻዋ ይሸጣል። እሷ አብዛኛውን ጊዜ ማግኒዥየም ናት፣ መሐሏ ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ አልፎባታል፣ ጫፏ ጥርስ የወጣለት ቡሎን ነው። ቦይለር ውስጥ የሚከቷትም ለአንተው ምክንያት ነው፣ የቧንቧ ውሃም ጨው የለውም። አንዳንዷ ግን አልሙኒየም ናት፣ ስታያት አትለያትም። መለያው ቀላል ነው። ጫፏን በሞረድ ትንሽ ፋቅ አድርግና ዱቄቱን ትንሽ አቼቶ ውስጥ ጨምር። ማግኒዥየም ከሆነ ወዲያው አረፋ እየደፈቀ ይፈላል። አልሙኒየም ከሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ክብደቷንም ተመልከት፣ ማግኒዥየም በእጅ ስትይዘው ይገርምሃል፣ በጣም ቀላል ነው።

ለጀልባ የተሠራ ጠፍጣፋ ማግኒዥየም ከውጭ የሚያመጣልህ ሰው ካለህ እሱ ይሻላል፤ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አያልቅም። የቦይለሯ ዘንግ ቀጭን ናት። እስከዚያ ግን ታገለግላለች፣ ቶሎ ቶሎ ማየት ብቻ ነው። ማግኒዥየሙን ግን በግራይንደር አትቁረጠው፣ ብየዳም አታስጠጋው። ዱቄቱ እሳት ይይዛል፣ ከተያያዘ ደግሞ ውሃ ሲደፉበት ይብሳል። በእጅ መጋዝ ቁረጥ፣ ዱቄቱን ሰብስበህ አርቀህ ጣል።

አሁን የምነግርህ ነገር ከማግኒዥየሙ እኩል ነው። አኖድ የሚሠራው ከሚጠብቀው ብረት ጋር ብረት ለብረት ሲነካካ ብቻ ነው። አንተ ላሜራው ላይ ያሰርከውን «ከቀለሙ በላይ» ብለሃል። እንግዲያው ያ ዚንክ ዚንክ ባይሆንና ንጹሕ ማግኒዥየም ቢሆንም አይሠራም ነበር። በቀለም ተለይቶ ተንጠልጥሏላ! የቡሎኑ ጥርስ ዝጎ ይሆናል፣ ሮንዴላው ስር ቀለም አለ፣ ያ በቂ ነው ግንኙነቱን ለማቋረጥ። ያቺ የእንግሊዞቹ ወረቀት ሚስማሩን ስታድነው አይተሃል፤ ያንተ ቀለም ደግሞ አኖዱን ሥራ ፈት አደረገው።

ስለዚህ በላሜራ ጀልባ ላይ የምመክረው እንዲህ ነው። ላሜራው ላይ አጭር ቡሎን በጭንቅላቱ በኩል አስበይድ፣ ጀልባውን አትብሳ። አኖዱ የሚቀመጥበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍገው። ማግኒዥየሙን በዳዶና በጥርሳም ሮንዴላ አጥብቅ። ከዚያ ዙሪያውን ያለውን የተላጠ ላሜራ ቀባው፣ አኖዱን ግን ቀለም እንዳይነካው። ቀለም ቀቢው ለውበት ብሎ አኖዱንም አብሮ የቀባበት ጀልባ ብዙ ነው። አጠገቡ ቁም። የቦይለር ዘንግ ከሆነ ደግሞ ትንሽ የብረት ቅንፍ አስበይድና ዳዶ ግጠምበት፣ ዘንጓ ወደ ውጭ ሳትወጣ ከሆዷ ጋር ትይዩ እንድትተኛ። ወደ ውጭ ከወጣች እምቦጭና የመረብ ክር ይሰበስብባታል።

ካሰርክ በኋላ በቴስተር ለካ። ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ አኖዱ ላይ፣ ሌላውን የተፈገፈገ ላሜራ ላይ። ከአንድ ኦም በታች መሆን አለበት። ከዚያ አኖዱና ፕሮፔለሩ መካከል ለካ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር ይገኛል። ዘንጉ ከማርሹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጎማ ያለው መጋጠሚያ ከሆነ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ማርሹ ውስጥ ያለው ዘይትም ሲዞር ግንኙነቱን ያቋርጠዋል። መጋጠሚያውን በሁለቱም በኩል የሚያገናኝ ተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ እሰርበት፣ ወይም ዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ብሩሽ ግጠም። ካልሆነም ዘንጉ ራሱ ላይ የማግኒዥየም ቀለበት ይሁን፣ ከስሩ ያለው ዘንግ ተፈግፍጎ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ባሕር ላይ አንድ ትልቅ አኖድ ብዙ ቦታ ይሸፍናል። ጣና ላይ አይሸፍንም። ስለዚህ ትናንሽ አድርገህ በትነው፣ ከሚጠብቁት ነገር ቢበዛ አንድ ሜትር ያህል ቢርቁ ነው። ላንተ ጀልባ ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት፣ የመሪው ክንፍ ላይ በሁለቱም ፊት አንዳንድ፣ ዘንጉ ላይ ቀለበት፣ ወደ ፊት ደግሞ ጥቂት ብታደርግ ለመጀመሪያው ዓመት ጥሩ መነሻ ነው። የመሪው ክንፍ በነሐስ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ላይ ስለሚዞር ከጀልባዋ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፣ ለብቻው ነው የሚታየው።

ስለ ቡሎኖቹ። የመሪህ መያዣ ነሐስ ነው፣ ያሰሩት ደግሞ በተራ ብረት ቡሎን ነው፣ አይደል? ካየሁት ሁሉ የከፋው ይሄ አሠራር ነው። ትልቅ ነሐስ መሐል ትንሽ ብረት ስታስገባ የነሐሱ ስፋት በሙሉ በዚያች ትንሽ ቡሎን ላይ ይወርድባታል። ገልብጠህ ትልቅ ላሜራ ላይ ትንሽ የስቴንለስ ቡሎን ብታስር ግን ብዙም አይጎዳም፣ ጉዳቱ በሰፊው ላሜራ ላይ ስለሚበተን። እንግዲህ ማሰሪያው ከሚታሰረው ነገር ወይ እኩል ወይ የተሻለ ይሁን። ነሐስን በነሐስ ወይም በስቴንለስ እሰር። አሁን ያሉትን ቡሎኖች አውልቀህ ጣላቸው፣ አንድም እንዳታስቀር። ጭንቅላታቸው ደህና መስሎህ አትታለል፣ የሚበላው አንገታቸው ነው። የመሪ ክንፍ ሐይቁ መሐል ሰው ጭኖ ሲወልቅ ምን እንደሚሆን መቼም አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል እንዳትዘለው እለምንሃለሁ። እስከ አሁን ያወራነው ብረቶቹ በራሳቸው የሚሠሩት ባትሪ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ከጀልባው ባትሪ የሚያፈስ ሽቦ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ አምፔር ያለማቋረጥ ከብረት ወደ ውሃ ከፈሰሰ በዓመት ዘጠኝ ኪሎ ያህል ብረት ይወስዳል። የአንዷ አሥረኛ እንኳ፣ አንድ መቶ ሚሊአምፔር፣ ወደ ዘጠኝ መቶ ግራም ነው፣ ያውም አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ። ያንን ማንም ማግኒዥየም አይችለውም።

ዋናው ተጠርጣሪ ከወለሉ ስር ያለው ውሃ ማውጫ ፓምፕ ነው። ውሃ ሲገባ ራሱ እንዲነሳ ተብሎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይታሰራል፣ ሽቦው የተቀጠለው ደግሞ በፕላስተር ነው፣ ቅጥሉም ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ሆኖ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያፈሳል። መፈተሻው እንዲህ ነው። ጀልባዋ ውሃ ላይ እያለች ሥራው፣ ደረቅ ላይ ካወጣሃት ማፍሰሱን ያቆማልና አታገኘውም። ሁሉንም ነገር አጥፋ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀል። ቴስተሩን አሥር አምፔር ላይ አድርገህ በባትሪው ጫፍና በተነቀለው ገመድ መካከል አስገባው። ምንም ካላሳየ ወደ ሚሊአምፔር አውርደው። ዜሮ ወይም ጥቂት ሚሊአምፔር ከሆነ ደህና ነህ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀል፣ ቁጥሩ የወረደበት መሥመር ሌባው እሱ ነው። ቴስተሩ ተያይዞ እያለ ሞተር እንዳታስነሳ፣ ይቃጠላል።

የፓምፑን ቅጥል ከውሃ በላይ አውጣው፣ ሙቀት ሲያገኘው በሚጨማደድ፣ ውስጡ ማስቲሽ ባለው ቱቦ ዝጋው። ጀልባዋን የኤሌክትሪክ መመለሻ አታድርጋት፤ ለመብራቱም ለፓምፑም ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሽቦ ይሂድ፣ ማሳው፣ ማለትም ኔጌቲቩ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይያዝ። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጀልባ ሲሠራ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪና ላይ ቦዲው ሁሉ ማሳ ነው፣ ልማዱን ይዞት ይመጣል።

ብየዳም እንደዚሁ። ጀልባዋ ውሃ ላይ እያለች አታስበይድ። መሬት ላይም ሲበየድ የማሽኑ ማሳ ከሚበየደው ቦታ ጎን ይታሰር፣ ወደ ዘንጉ ወይም ወደ ሞተሩ አርቆ እንዳያስረው። የባትሪውን ሁለት ገመድ ንቀል።

ቀለሙ ጋ ደረስን። አንቲረስት ያልከው ያ ቀዩ፣ ለበርና ለጣሪያ የሚቀባው፣ ውሃ ውስጥ ለሚኖር ብረት አይሆንም። ያውም አኖድ ካሰርክ በኋላ የባሰ ነው። አኖድ ሲሠራ በሚጠብቀው ብረት ላይ አልካሊ ይፈጠራል፣ በዘይት የተሠራ ቀለም ደግሞ በአልካሊ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል። ከሥሩ ለስልሶ ይላጣል። የሚያስፈልግህ በሁለት ቆርቆሮ የሚመጣው፣ ተቀላቅሎ የሚቀባው ኢፖክሲ ነው። ላሜራውን በአሸዋ ማስነፋት ከቻልክ አስነፋ፣ ካልቻልክ በግራይንደር ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ። የተቦረቦረውን ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዝገት እየቆፈርክ አውጣ፣ ቀለም ከላዩ ከተደፋ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ግን ቀለም አይደለም መፍትሔው፤ ላሜራው ምን ያህል ውፍረት እንደቀረው በመዶሻ እየነካህ ስማ፣ የሳሳው ቦታ ይቆረጥና በአዲስ ይተካ።

በጠዋቱ ጤዛ አትቀባ። ላሜራው ጤዛ ከሚሠራበት የሙቀት ልክ ቢያንስ በሦስት ዲግሪ መብለጥ አለበት፣ እኛ ጋ በበጋ ረፋዱ ላይ ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር። ላሜራውን ብቻ አሳምረህ ቀብተህ ነሐሱንና ስቴንለሱን ራቁቱን ብትተው ነገሩ ሊብስ ይችላል። ቀለሙ ላይ አንድ ጭረት ካለች፣ የነሐሱ ጉልበት በሙሉ ያቺ ጭረት ላይ ያርፋል። ላሜራውን ባትቀባው ኖሮ በሰፊው ይበተን ነበር፣ አሁን ግን መርፌ የምታህል ቀዳዳ ትቆፍራለች። ስለዚህ ቀለም ካሰብክ ጠንካራውንም ቀባ። የዘንጉ የተጋለጠ ክፍል፣ የነሐስ መያዣው፣ ፕሮፔለሩም ጭምር። ፕሮፔለር ላይ ቀለም ብዙ አይቆይም፣ በክረምት መገጭና ሌሎቹ ወንዞች ደለል ይዘው ሲገቡ ይፍቀዋል። ግን የቆየውን ያህል ይጠቅማል። ለባሕር የሚሸጠውን መዳብ ያለበትን ቀለም ግን ገዝተህ እንዳታመጣ። እሱ የተሠራው ባሕር ላይ መርከብ ላይ የሚጣበቀውን ቅርፊታም ነፍሳት ለመግደል ነው፣ ጣና ውስጥ ያ ነፍሳት የለም፤ መዳቡ ግን ለላሜራህ ሌላ ጠላት ይሆናል።

ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀምጣ የምትከርም ከሆነ ደግሞ ጭቃው የነካው ቦታ ለብቻው ይበላል። አየር የማያገኘው ብረት አየር ከሚያገኘው አጠገብ ሲሆን እሱው ራሱ ደካማ ወገን ይሆናል። እምቦጭ ተጠምጥሞበት የከረመ ዘንግም ያው ነው። ውሃው ሲቀንስ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ጥልቁ አስጠጓት። እምቦጩን ስታጸዱ ደግሞ በገጀራ ላሜራውን አትምቱት፤ ቀለሙን የሚያቆስለው እሱ ነው።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ ናስ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በል። ናስ መዳብና ዚንክ ነው። ዚንኩ ቀስ ብሎ ወጥቶ መዳቡ ብቻ እንደ ስፖንጅ ሊቀር ይችላል፣ ቅርጹ ግን አይለወጥም። በቢላ ጫፍ ጫር አድርገው። ቢጫ ሆኖ ካበራ ደህና ነው። ሐምራዊ መሳይ ፈዛዛ ቀይ ከሆነ አልቆለታል፣ በመዶሻ ቀስ ብለህ ብትነካው ይፈረከሳል። ያንተ ጀልባ የላሜራ ስለሆነች ቀድሞ የሚበላው ቫልቩ የገባበት የብረት ቱቦ ጥርስ ነው፣ እዚያ ላይ በእጅህ ነቅንቀው። የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ ያላችሁ ግን ይሄን ፈተና ለእያንዳንዱ ቫልቭ አድርጉት። ጀልባ የምትሰጥመው በዚያ በኩል ነው። የእንጨት ጀልባ ላይ ደግሞ ማግኒዥየም አታብዙ፣ የሚፈጠረው አልካሊ በብረቱ ዙሪያ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል።

መጨረሻ ላይ ሥራው መሥራት አለመሥራቱን በምን ታውቃለህ? መለኪያውን ራስህ መሥራት ትችላለህ። ገበሬዎች ለአትክልት የሚጠቀሙበትን ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት ትንሽ ግዛ። ጣት የሚያህል የፕላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ በደረቅ የእንጨት ውታፍ ድፈን። ውሃና መዳብ ሰልፌት ጨምርበት፣ ሟሙቶ እስኪያቅተውና ከታች ፍሬው እስኪቀር ድረስ። የጸዳ የመዳብ ሽቦ ከላይ አስገብተህ አፉን ዝጋ። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ከዚህ ሽቦ ጋር፣ ቀዩን ከተፈገፈገ የጀልባው ብረት ጋር አገናኝ። ዲሲ ሁለት ቮልት ላይ አድርገህ ቱቦውን በእንጨት ጫፉ በኩል ከጀልባዋ ጎን ውሃ ውስጥ ንከረው። ንባቡ በኔጌቲቭ ይመጣል። ያልተጠበቀ ብረት ከዜሮ ነጥብ አምስት እስከ ዜሮ ነጥብ ሰባት ቮልት አካባቢ ያሳያል። 0.85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ብረቱ ተጠብቋል። ከ1.2 ካለፈ ግን አኖድ አብዝተሃል፣ ቀለሙን ማስለቀቅ ይጀምራል፣ አንድ ሁለቱን ፍታ። ፕሮፔለሩ ጋ፣ መሪው ጋ፣ መሐል ላይ፣ አፍንጫው ጋ ለየብቻ ለካ፣ ቁጥሩ አንድ አይሆንም። መዳብ ሰልፌቱ ዓሣ ይገድላልና ሐይቅ ውስጥ እንዳትደፋው፣ ከሕፃናትም አርቀው።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ እንዲህ ይሁን። አሁን ውሃ ላይ እያለች የባትሪውን ማፍሰስ ፈትሽ። ግንቦት ላይ፣ ሐይቁ ዝቅ ሲልና ክረምቱ ሳይገባ፣ አውጣት። ቡሎኖቹን ቀይር፣ የሳሳውን ላሜራ አስተካ፣ የአኖድ ቡሎኖቹን አስበይድ፣ ከዚያ ኢፖክሲ፣ አኖዱን መጨረሻ ላይ እሰር። ብየዳው ከቀለሙ በፊት ማለቅ አለበት፣ ይሄን እንዳታምታታ። ውሃ ከገባች በኋላ በሳምንቱ በመዳብ ሰልፌቱ ለካ። የቦይለር ዘንግ ከተጠቀምክ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ጠልቆ የሚያይ ልጅ ላክ። አኖዱ ሻካራ ሆኖ፣ እየተቦረቦረ፣ እየቀነሰ ከሆነ እየሠራ ነው። ግማሽ ሲቀረው ቀይረው፣ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ለስላሳ ሆኖ ካገኘኸው ግንኙነቱ ተቋርጧል፣ ኦሙን እንደገና ለካ። ንባቦቹን ቦታ ቦታቸውን ጽፈህ ብትልክልኝ የትኛው ጋ መጨመር፣ የትኛው ጋ መቀነስ እንዳለብህ አይቼ እነግርሃለሁ።